አይዳ የማን ልጅ ናት? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ጁዜፔ ቬርዲ

ባለፈው እትም በዚህ አምድ ላይ፣ «አይዳ» የተባለውን ኦፔራ (በዘፈን የሚቀርብ ተውኔት) የደረሰው ጣሊያናዊው ጁዜፔ ቬርዲ መሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመለሱ ባለመሆናቸው፣ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ቀናቱና ዓመታቱ በሌላ መልክ ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ልጄን ከ17 ዓመት በፊት አይዳ ብዬ ስም አወጣሁላት። አንድ ወዳጄ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ስም እንደሆነና ጣሊያኖችም እንደዘፈኑላት ስለነገረኝ ነው። አሁን ልጄ አድጋ፣ ‹አባዬ፣ ንጉሡ ማን ነበር? በየትኛው ዘመን?› ብላ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። አይዳ በእርግጥ የነበረች የኢትዮጵያ ልዕልት ናት ወይስ ተረት?» — የአይዳ አባት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ አይዳ የምትባል ልዕልት በእኛ ነገሥታት ዜና መዋዕልም ሆነ በግብፃውያን የድንጋይ ጽሑፎች ውስጥ አትገኝም። የታሪኳን ንድፍ ያወጣው በግብፅ የጥንት ቅርሶችን በመቆፈርና በመጠበቅ የታወቀው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪየት ነው። ንድፉን ካሚል ዱ ሎክል በፈረንሳይኛ አስፋፍቶ ጻፈው፤ አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ በጣሊያንኛ ግጥም አደረገው፤ ቬርዲም በግጥሙ ውስጥ እየገባ፣ እያሳጠረና እያስለወጠ ሙዚቃውን ደረሰለት። በኦፔራው «ኢትዮጵያ» የተባለችውም ሀገር የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ላለው የጥቁሮች ምድር በሰጡት ሰፊ ስም የተጠራች ናት። የጦሩ መንገድ ተብሎ የሚነሳው ናፓታ በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን፣ በዓባይ ዳር የነበረ የኩሽ ነገሥታት ከተማ ነው። ስለዚህ ልጅዎ የአይዳን አባት ንጉሥ አሞናስሮን ከአክሱም ወይም ከጎንደር ነገሥታት ተርታ ብትፈልገው አታገኘውም።

ይህን ስል ግን ስሙን በከንቱ አወጡላት ማለቴ አይደለም፤ ታሪኩን በአጭሩ ልንገርዎትና የሚነግሯትን ከዚያ ይመርጣሉ። አይዳ ተማርካ በሜምፊስ ከተማ የግብፅ ንጉሥ ልጅ የአምኔሪስ ባሪያ ሆናለች፤ ንጉሣዊ ዘሯን ግን ማንም አያውቅም። የጦር አለቃው ራዳሜስ ይወዳታል፣ እርሷም ትወደዋለች፤ እርሱ የሚዘምተው ግን በአባቷ ላይ ነው። ድል አድርጎ ሲመለስ ከሚነዱት ምርኮኞች መካከል አባቷ አሞናስሮ ማንነቱን ደብቆ ቆሟል። ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው ዝነኛው የድል ሰልፍ ሙዚቃ የሚሰማው በዚህ በሁለተኛው ገቢር ነው። ቬርዲ ለሰልፉ ረጃጅም መለከቶችን በልዩ ሁኔታ አሠርቷል፤ ስድስቱ መለከቶች በሁለት ተከፍለው ሦስቱ በአንድ መነሻ ድምፅ ዜማውን ያሰማሉ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ከፍ ባለ ድምፅ ይቀበሏቸዋል። እምቢልታ ሲነፋ የሰማ የጎንደር ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ አንዱ እምቢልታ ብቻውን ጥቂት ድምፆችን ብቻ ስለሚያወጣ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲቀባበሉት ነውና።

እኔ ግን ልጅዎ ከሰልፉ ይልቅ ሦስተኛውን ገቢር ብትሰማ እመርጣለሁ። ሌሊት ነው፤ ቦታው የዓባይ ዳር ነው። ቫዮሊኖች አንዲትን ድምፅ ብቻ፣ ከፍና ዝቅ እያደረጉ በቀስታ ይደጋግሟታል፤ በላይዋ ዋሽንት ይገባል፤ ከዚህ በቀር ምንም የለም። አይዳ ብቻዋን ቆማ አረንጓዴ ኮረብቶቿንና ቀዝቃዛ ሸለቆዎቿን ዳግመኛ እንደማታያቸው ታንጎራጉራለች። ከዚያ አባቷ ይመጣል። በመጀመሪያ ስለ ሀገሯ፣ መልካም መዓዛ ስላላቸው ደኖቿ እያነሳ ልቧን ያባባዋል፤ ቀጥሎ የግብፅ ጦር በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ ከወዳጇ ምስጢሩን እንድታወጣለት ይጠይቃታል። እምቢ ስትለው፣ «ልጄ አይደለሽም፤ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ» ብሎ ይጥላታል። እርሷም ተሸንፋ፣ «ሀገሬ ሆይ፣ ምን ያህል አስከፈልሽኝ» ትላለች። ያን ጊዜ ሙዚቃው ይወድቃል፣ ይሰበራል፤ ልመናዋን ከቃሉ በፊት ከቫዮሊኖቹ እንሰማዋለን። ራዳሜስ ምስጢሩን ካወጣ በኋላ ከነሕይወቱ በመቃብር ይዘጋበታል፤ አይዳ ቀድማ ገብታ በጨለማው ውስጥ ትጠብቀዋለች። ከላይ በቤተ ጣዖቱ ካህናት ሲዘምሩ፣ ከታች በመቃብሩ ሁለቱ ሲሰናበቱ፣ አምኔሪስም ሰላምን ስትለምን፣ ኦፔራው ያለ ጩኸት፣ እንደሚጠፋ መብራት ያበቃል።

ከመድረኩ ውጭ ያለው ታሪክም ለእኛ ቅርብ ስለሆነ አላልፈውም። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፁ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል ነው። ብዙ ሰው «አይዳ» ለስዊዝ ቦይ ምረቃ የተደረሰ ይመስለዋል፤ ቦዩ የተመረቀው በ1869 ነው፤ በዚያው ዓመት የካይሮ ኦፔራ ቤት የተከፈተውም በሌላው የቬርዲ ሥራ በ«ሪጎሌቶ» ነበር። «አይዳ» የታዘዘው ከዚያ በኋላ፣ በ1870 ሲሆን፣ ቬርዲ አስቀድሞ ከካይሮ የመጣለትን ጥያቄ አልቀበልም ብሎ የነበረ ቢሆንም የማሪየትን ንድፍ ካነበበ በኋላ በ150,000 ፍራንክ ተስማማ። በመካከሉ ፈረንሳይና ፕሩሲያ ተዋጉ፤ ለትርኢቱ የተሠሩት አልባሳትና የመድረክ ሥዕሎች በተከበበችው ፓሪስ ውስጥ ስለቀሩ ነገሩ ዘገየ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 በካይሮ ታየ፤ ቬርዲ ራሱ ግን ወደዚያ አልሄደም፤ ልቡ በሚላኖው ላ ስካላ ኦፔራ ቤት በቀጣዩ የካቲት በሚታየው ላይ ነበር።

እንግዲህ ይህ የኢትዮጵያዊት ልጅ እንባ በካይሮ ከተጨበጨበለት አራት ዓመት ሳይሞላ፣ ገንዘቡን የከፈለው ያው ኬዲቭ እስማኤል ጦሩን በእውነተኛዋ ኢትዮጵያ ላይ አዘመተ። በኅዳር 1875 በጉንደት፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ በጉራ የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦር ድል አደረገው። በመድረኩ ላይ የተሸነፈው የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር፤ በጦር ሜዳው የሆነው ግን ሌላ ነው። ልጅዎ «የትኛው ንጉሥ?» ብላ ስትጠይቅ አሞናስሮ በድርሰት የተፈጠረ መሆኑን ነግረዋት፣ በዚያው ዘመን በእርግጥ የነበረውን የአፄ ዮሐንስን ታሪክ ቢጨምሩላት ጥያቄዋ ያለ መልስ አይቀርም።

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፒያሳ አካባቢ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ሕንፃዎች በአንዱ አጠገብ ነው። አባቴ በአርበኝነት ዘመን ወንድሙን አጥቷል። መጽሔታችን ለጣሊያን ሙዚቀኛ ይህን ያህል ቦታ መስጠቱ አግባብ ነው?» — አንባቢ፣ ከጎንደር ፒያሳ

መልስ፦ ስለ አጎትዎ ነፍስ ይማር እንላለን። ቅሬታዎን በቀላሉ አናየውም፤ ጎንደር ከ1936 ጀምሮ የተያዘች፣ የጣሊያንም ጦር ኅዳር 27 ቀን 1941 በመጨረሻ እጁን የሰጠባት ከተማ ናትና ቁስሉን ከእርስዎ በላይ የምናውቅ አይደለንም። ቬርዲ ግን የሞተው በጥር 1901፣ ጎንደር ከመያዟ 35 ዓመት በፊት ነው። ሲወለድ ጣሊያን የምትባል አንዲት መንግሥት አልነበረችም። የተወለደባት የፓርማ ምድር በናፖሊዮን ፈረንሳይ ሥር ስለነበረች የልደት መዝገቡ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፤ ሚላኖም ለብዙ ዘመን በኦስትሪያ ተገዝታለች። በ1859 ገደማ ጣሊያኖች በየግድግዳው «ቬርዲ ይኑር» ብለው ሲጽፉ፣ የስሙ ፊደላት በጣሊያንኛ «ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ የጣሊያን ንጉሥ» የሚለው ሐረግ ቃላት መነሻዎች ስለነበሩ የኦስትሪያ ዘበኞች ሊከለክሉት የማይችሉት መፈክር ሆኖላቸው ነበር። በባዕድ የተገዛ ሕዝብ የሚሰማውን ያውቅ የነበረ ሰው ነው፤ የእኔ እምነት «አይዳ» ውስጥ ያለው የሀገር ናፍቆት እውነተኛ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የእርሱ ሀገር በኋላ በሌላው ላይ ያደረገችው፣ እርስዎ በአጎትዎ ያዘኑበት ነገር፣ በዚህ አይቀልም፤ አይሸፈንምም።

ጥያቄ፦ «የአቋቋም ተማሪ ነኝ። አንድ ጎብኚ በአታ ለማርያም ማኅሌት ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ቬርዲ ‹በባቢሎን ወንዞች አጠገብ› የሚለውን መዝሙር በዜማ እንዳደረገው ነገረኝ። የዳዊት መዝሙር ነው? እንደ እኛ ነው የሚያዜሙት?» — ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ጎብኚው የነገረህ «ናቡኮ» ከተባለው ኦፔራ ውስጥ ያለውን የምርኮኞቹን ዝማሬ ነው። ናቡኮ ማለት ናቡከደነፆር ነው። ቃሉ እንዳለ ከዳዊት የተወሰደ አይደለም፤ ገጣሚው ቴሚስቶክሌ ሶሌራ አንተ በቃልህ የምታውቀውን 136ኛውን መዝሙር፣ «ውስተ አፍላገ ባቢሎን ህየ ነበርነ ወበከይነ» የሚለውን መነሻ አድርጎ የጻፈው አዲስ ግጥም ነው፤ በአኻያ ዛፍ ላይ የተሰቀለው በገና በግጥሙ ውስጥም አለ። «ሐሳብ ሆይ፣ በወርቅ ክንፎችሽ ብረሪ» ብለው ይጀምራሉ።

ስለ አዜማመሙ የጠየቅኸው ጥሩ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ መዘምራን እንደ ልማዳቸው በአራት ዓይነት ድምፅ፣ አራት ዜማ በአንድ ጊዜ ያሰማሉ። በዚህ ዝማሬ ግን ቬርዲ ከመካከሉ ጥቂት ስፍራ በቀር ሁሉንም በአንድ ዜማ፣ እንደ አንድ ሰው እንዲያዜሙ አደረጋቸው። ካህናቱ በቅኔ ማኅሌት ግራና ቀኝ ቆመው በአንድ ዜማ ሲያሸበሽቡ የኖረ ጆሮ ይህን ዝማሬ ያለ አስተማሪ ይቀበለዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ የአንተ ዜማ የጸሎት አገልግሎት ነው፣ የቬርዲው ግን በተውኔት ውስጥ ያለ የሕዝብ ለቅሶ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ አይገባም።

ይህ ሥራ የተወለደበት ሁኔታ ሊነገር ይገባዋል። ቬርዲ የሳሎን ሰው ልጅ አልነበረም፤ በ1813 በሮንኮሌ መንደር የተወለደ፣ አባቱ ትንሽ ማደሪያና መሸታ ቤት የነበረው፣ እናቱ ፈትል የምትፈትል ሴት ነበረች። ያስተማረውና ያሳደገው የቡሴቶ ከተማ ነጋዴ አንቶኒዮ ባሬዚ ነው፤ ልጁን ማርጌሪታንም በ1836 ዳረለት። ሴት ልጃቸው ቪርጂኒያ በ1838፣ ወንዱ ልጃቸው ኢቺሊዮ በ1839 በሕፃንነታቸው ሞቱ፤ ማርጌሪታም በሰኔ 1840 ተከተለቻቸው። ቬርዲ በስተርጅናው ይህን ሲናገር ሦስቱም በሁለት ወር ውስጥ የሞቱበት አድርጎ ነው፤ መዝገቡ ሁለት ዓመት ያህል እንደነበረ ቢያሳይም፣ በልቡ የቀረው አንድ ሐዘን ሆኖ ይመስለኛል። በዚያው ወራት በውል የታሰረበትን አስቂኝ ኦፔራ መጨረስ ነበረበት፤ ቀልዱን ጻፈ፤ ሕዝቡም አልወደደለትም፤ ከአንድ ምሽት በኋላ ተነሳ። ከእንግዲህ አልደርስም አለ። የቲያትሩ ኃላፊ የናቡኮን ግጥም በግድ አሸክሞት ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ቢወረውረው በዚያ ዝማሬ ገጽ ላይ ተከፈተ ብሎ ራሱ ተርኳል። መጋቢት 9 ቀን 1842 ላ ስካላ ላይ ታየ፤ በዚያው ዓመት በልግ ብቻ 57 ጊዜ ተደገመ።

ከዚያ በኋላ የደረሳቸውን ሥራዎች ስታያቸው አባትና ልጅ ተደጋግመው ይመጣሉ፤ በ«ሪጎሌቶ» ጎባጣው አጫዋች ልጁን ደብቆ ያሳድጋል፣ ሊበቀልላት ሲል ያስገድላታል፤ በ«ላ ትራቪያታ» አባት ለልጁ ክብር ሲል የሌላ ሰው ልጅ ሕይወት ይሰብራል፤ በ«ዶን ካርሎስ» ንጉሥ ልጁን ለፍርድ አሳልፎ ይሰጣል፤ በ«አይዳ»ም ያየነው ነው። ሙዚቃ የሕይወት ታሪክ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ሁለት ልጆቹን የቀበረ፣ በኋላም በ1867 የዘመዱን ልጅ ፊሎሜናን እንደ ልጁ አድርጎ ያሳደገ ሰው፣ ለአባቶች የጻፈውን ያህል ጥልቅ ዜማ ለፍቅረኞች ጽፎ አላገኘሁም።

ጥያቄ፦ «ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ተፈትኜ፣ ጣቶችህ ለፒያኖ አይሆኑም፣ ዕድሜህም አልፏል ተብዬ ተመለስኩ። ቬርዲም ወድቆ ነበር የሚባለው እውነት ነው?» — የ22 ዓመት ወጣት፣ ከማራኪ

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ። በ1832 በ18 ዓመቱ በሚላኖ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተፈትኖ አልተቀበሉትም። ዕድሜው ከተወሰነው በላይ ነበር፤ ከሌላ ግዛት የመጣ ስለሆነም እንደ ባዕድ ተቆጥሯል፤ በፒያኖ ላይ የእጁ አቀማመጥም ተነቅፎበታል። ዛሬ ያ ትምህርት ቤት የሚጠራው በስሙ ነው። ይህን የምነግርህ ግን ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ከፈተናው በኋላ ያደረገውን ልብ እንድትል ነው። ባሬዚ ገንዘቡን ከፈለለት፤ እርሱም በላ ስካላ ይሠራ ከነበረው ከቪንቼንሶ ላቪኛ ዘንድ ለሦስት ዓመት ያህል በግል ተማረ፤ የተማረውም ይበልጡን የድምፆችን አካሄድ የሚያሰላ ደረቅ ልምምድ ነበር። በፒያኖ ችሎታው አልነበረም የታወቀው፤ በድርሰት ነው። አንተም የተባልከው ስለ ጣቶችህ ነው፤ ስለ ጆሮህ የተባለ ነገር በደብዳቤህ አላነበብኩም። በከተማችን መሰንቆም ክራርም የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ የምትማረውን ዜማ በኖታ መጻፍ ብትጀምር፣ መምህር እስክታገኝ ድረስ ጊዜህ አይባክንም።

ጥያቄ፦ «‹አይዳ›ን ሁለት ጊዜ በቪዲዮ አይቼ አልወደድኩትም። የእኔ ጉድለት ነው?» — መምህርት፣ ከጎንደር

መልስ፦ አይደለም። በ1872 አንድ ፕሮስፔሮ ቤርታኒ የተባለ ሰው «አይዳ»ን ለማየት ሁለት ጊዜ ወደ ፓርማ ተጉዞ አልወደደውምና ለባቡር፣ ለመግቢያና ለእራት ያወጣው 31 ሊሬ ከ80 ሳንቲም እንዲመለስለት በቀጥታ ለቬርዲ ጻፈ። ቬርዲም 27 ሊሬ ከ80 እንዲከፈለው አሳታሚውን አዘዘ፤ የእራቱን ግን ቀነሰበት፣ በቤቱም መብላት ይችል ነበርና። ዳግመኛ አዲስ የቬርዲ ኦፔራ ለማየት እንደማይሄድ ፈርሞ እንዲሰጥም አደረገው። እርስዎ ከመፈረምዎ በፊት ግን ምስሉን ትተው፣ ከላይ የጠቀስኩትን የሦስተኛውን ገቢር መጀመሪያ ለብቻው፣ በሌሊት ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «ከአዝማሪ ቤተሰብ ተወልጄ፣ 40 ዓመት በመሰንቆ ኖሬያለሁ። ድምፄ ከሄደ ወዲህ የሚጠራኝ የለም። ይህ ሰው ብዙ ገንዘብ እንዳገኘ ሰማሁ፤ ለዘፋኞች ያደረገው ነገር አለ?» — እናት አዝማሪ፣ ከጎንደር

መልስ፦ እናታችን፣ አለ። በፋሲል ግቢ ያለውን፣ የአፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ የሚባለውን ያውቁታል፤ ነገሥታቶቻችን ለዘፈን ቤት የሠሩት ቬርዲ ከመወለዱ አንድ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ቬርዲ ግን ቤት የሠራው ለዘፈኑ ሳይሆን መዝፈን ላቃታቸው ነው። በርግጥም ሀብታም ሆኖ ነበር፤ በሳንታጋታ ሰፊ እርሻ ገዝቶ ራሱን ገበሬ ብሎ ይጠራ ነበር፤ ለአካባቢው ድኾችም በ1888 ሆስፒታል አሠርቷል። ከሰማንያ ዓመቱ በኋላ፣ «ፋልስታፍ» የተባለውን የመጨረሻ ኦፔራውን በ1893 ካስደመጠ ወዲያ፣ በሚላኖ አስቀድሞ በገዛው መሬት ላይ ላረጁና ጥሪት ላጡ ሙዚቀኞች የሚሆን መኖሪያ አስገነባ። ግንባታው በ1899 ቢያልቅም፣ ሰዎች እየመጡ እንዳያመሰግኑት ብሎ እርሱ ሳይሞት ማንም እንዳይገባበት አዘዘ። ከሥራዎቹ የሚገኘውን ገቢም ለቤቱ ተናዘዘ። ከደረስኳቸው ሁሉ የሚያስደስተኝ ሥራ ይህ ነው ይል ነበር።

በጥር 1901 በሚላኖ ሆቴል ታሞ ሲያጣጥር፣ የሠረገላ ድምፅ እንዳይረብሸው የከተማው ሰዎች መንገዱ ላይ ገለባ አነጠፉ። ከአንድ ወር በኋላ አስከሬኑና የሁለተኛ ሚስቱ የዘፋኟ የጁዜፒና ስትሬፖኒ አስከሬን ወደዚያ ቤት ሲዛወር፣ ወጣቱ አርቱሮ ቶስካኒኒ የመራቸው 820 ሰዎች የባቢሎን ምርኮኞችን ዝማሬ ዘመሩለት። በቀጣዩ ዓመት፣ ጥቅምት 10 ቀን 1902፣ በልደቱ ቀን፣ የመጀመሪያዎቹ አረጋውያን ሙዚቀኞች ገቡ። ቤቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ያረጁ ዘፋኞች ይኖሩበታል፣ ፒያኖም ይጫወቱበታል፤ ቬርዲም ከበታቻቸው ተቀብሯል።